የኔጋቲቭ ማኅደር
በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ ስላለው የፎቶግራፍ ፊልም አጠባበቅ በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተሰማ ንግግር



የወሎ ምድር ከካሜራ ጋር የተዋወቀው በሰላም ቀን አይደለም። በ1860 ዓ.ም. የጄኔራል ናፒየር ጦር ወደ መቅደላ በዘመተ ጊዜ የእንግሊዝ ጦር መሐንዲሶች የፎቶግራፍ መሣሪያቸውን ይዘው መጥተው ተራራውንና ምሽጉን በመስተዋት ላይ ቀርጸው ተመለሱ። ከዚያ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በጥቅምት 1966 ዓ.ም.፣ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ያቀረበው ፊልም የወሎን ረሃብ ለዓለም አሳየ። ይኸው ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው በወረዱበት ዕለት ዋዜማ፣ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ደግሞ መሐመድ አሚንና ማይክል በርክ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከኮረም ያሠራጩት ምስል የዓለምን ሕዝብ አስነሣ። እንግዲህ ዓለም ወሎን የሚያውቃት በጦርነትና በረሃብ ምስል ነው። እነዚህም ምስሎች በአብዛኛው የሚጠበቁት ከአገር ውጭ ባሉ ቤተ መዛግብት ነው።

የወሎ ሕዝብ ግን ራሱን ያየው በእነዚህ ምስሎች አይደለም። በወልድያም ሆነ በመርሳ፣ እንደ ሌሎቹ የአውራ ጎዳና ዳር ከተሞች ሁሉ፣ ሕዝቡ ፊቱን ያስቀረጸው በፎቶ ቤት ነው። ለቀበሌ መታወቂያ ጉርድ ፎቶ የተነሣው ገበሬ፣ ለፈተና ቅጽ የተነሣችው ተማሪ፣ በቀለም ከተሳለ መጋረጃ ፊት የቆሙት ሙሽሮች፣ ወደ ግንባር ከመዝመቱ በፊት ከእናቱ ጎን የቆመው ወጣት፣ ሁሉም በአንድ ጥቅል ፊልም ላይ ተራ በተራ ተሰልፈዋል። የወረቀቱ ፎቶ በየቤቱ ተበትኗል፤ ከፊሉ ጠፍቷል፣ ከፊሉም በጢስ ጠቁሯል። ኔጋቲቩ ግን በፎቶ ቤቱ ጓዳ ቀርቷል። ስለሆነም የአንድ ከተማ ሕዝብ በአንድነት ተሰብስቦ የሚገኝበት ሥፍራ ያ ጓዳ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዲጂታል ካሜራ ሲስፋፋ ጨለማ ክፍሎች ተዘጉ። የፎቶ ቤቱ ባለቤት ሥራውን ሲለውጥ ወይም በሞት ሲለይ፣ ወራሾቹ በካርቶን የታጨቀውን ፊልም እንደ ውዳቂ ሊያዩት ይችላሉ። ከዚህም በላይ ፊልሙ ማንም ሳይነካው በራሱ ጊዜ የሚጠፋበት ዘመን ደርሷል። ይህም የሆነበት ምክንያት ወደ ታች ይገለጻል።

ኔጋቲቭ በምን ይሸፈን? የትስ ይቀመጥ? ጥያቄው ጠባብ ይመስላል፤ ብዙዎችም ገበያ ወጥቶ ጥሩ የላስቲክ መያዣ በመግዛት የሚፈታ አድርገው ያዩታል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የአገራችን ሊቃውንት ለብራና መጽሐፍ የቆዳ ማኅደር ሲሰፉ የብራናውን ጠባይ፣ የሚሰቀልበትን ግድግዳና የሚወርድበትን የዝናብ ወራት ያውቁ ነበር። ለኔጋቲቭም ማኅደር የሚመርጥ ሰው እንዲሁ አስቀድሞ ሁለት ነገር ማወቅ ይገባዋል፤ አንደኛ የፊልሙን ዓይነት፣ ሁለተኛ የአገሩን አየር። እነዚህ ሁለቱ ከታወቁ የልባሱ ምርጫ ቀላል ይሆናል፤ ብዙውን ጊዜም ውድ ሆኖ አይገኝም።

ስለ ፊልሙ ዓይነት

ኔጋቲቭ በሦስት ነገር የተሠራ ነው። ከሥር ሌላውን ሁሉ የሚሸከመው መደብ አለ። በላዩ ከእንስሳ አጥንትና ቆዳ የሚገኝ ጄላቲን ተለብጧል። በጄላቲኑ ውስጥ ደግሞ ምስሉን የሠራው ጥቃቅን የብር ቅንጣት ተበትኗል፤ በቀለም ፊልም ላይ ግን ብሩ በእጥበት ጊዜ ወጥቶ ቦታውን ለማቅለሚያ ይለቅቃል። የእነዚህ የሦስቱ ጠላት አንድ ዓይነት አይደለም። ብሩን የድኝ ጋዝና በሚገባ ታጥቦ ያልወጣ ሃይፖ ያበላሹታል፤ ምስሉ ወደ ቡናማነት ይለወጣል ወይም ይደበዝዛል። ጄላቲኑን እርጥበት ያሳብጠዋል፤ ሻጋታና ነፍሳትም ይመገቡታል። መደቡን ሙቀትና እርጥበት ተባብረው ከውስጥ ያፈርሱታል።

መደቡ በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው ሴሉሎስ ናይትሬት ሲሆን ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ እስከ 1951 እ.ኤ.አ. ገደማ ሲሠራ ቆይቷል። ከጣልያን ወረራ ዘመን ወይም ከዚያ በፊት የቀረ ፊልም ካለ ከዚህ ወገን ሊሆን ይችላል። ናይትሬት አንዴ ከተያያዘ ለመንደድ የሚያስፈልገውን ኦክሲጅን ከራሱ ስለሚያገኝ በውኃ እንኳ ለማጥፋት አስቸጋሪ ነው። በ1929 እ.ኤ.አ. በአሜሪካን አገር በክሊቭላንድ ከተማ በአንድ የሕክምና ተቋም ውስጥ የነበረ የናይትሬት ራጅ ፊልም ተቃጥሎ በመርዛማው ጢስ ከ120 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ስለዚህ ቢጫ የሆነ፣ የሚጣበቅና የሚያፍን ሽታ ያለው አሮጌ ፊልም ከተገኘ ከሌላው ተለይቶ፣ ሰው ከሚያድርበት ቤትና ከእሳት ርቆ፣ አየር በሚያገኝ ቦታ ሊቀመጥ ይገባል።

ሁለተኛው ሴሉሎስ አሴቴት ነው። በጠርዙ ላይ በላቲን ፊደል «ሴፍቲ» የሚል ቃል ይነበብበታል፤ ትርጉሙም እንደ ናይትሬት በቀላሉ የማይነድ ማለት ነው። በፎቶ ቤቶች የሚገኘው የ35 ሚሊ ሜትርና የስድስት ሳንቲ ሜትር ጥቅል ፊልም አብዛኛው ከዚህ ወገን ነው። አሴቴት ከእሳት ቢድንም ሌላ በሽታ አለበት። ሙቀትና እርጥበት ሲያገኝ መደቡ እየፈረሰ የኮምጣጤ አሲድ ይለቅቃል። ሣጥኑ ሲከፈት ሕዝቡ አቼቶ የሚለው ሽታ አፍንጫን ከመታ በሽታው ጀምሯል ማለት ነው። ይህ አሲድ ራሱ መፍረሱን ያፋጥናል፤ ከአንዱ ኔጋቲቭ ወጥቶም የጎረቤቱን ያስጀምራል። በመጨረሻ መደቡ ይኮማተራል፤ ጄላቲኑ ግን አብሮ መኮማተር ስለማይችል ተሸብሽቦ ይነሣል፤ ያን ጊዜ ምስሉን ማተም እጅግ አስቸጋሪ ይሆናል።

ሦስተኛው ፖሊስተር ሲሆን ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዝርግ ፊልም፣ ለራጅና ለማይክሮፊልም እየዋለ መጥቷል። ይህ ከሁሉ የጸና ነው። ለመለየትም ጥቅሉን በጎኑ በኩል ወደ ብርሃን አቅንቶ ማየት ይረዳል፤ ፖሊስተር ብርሃኑን በጠርዙ ያሳልፋል፣ አሴቴት ግን ጠቁሮ ይታያል።

በሮቸስተር ከተማ የሚገኘው የምስል ዘላቂነት ጥናት ተቋም ስለ አሴቴት ባወጣው መመሪያ እንደተገመተው፣ አዲስ ፊልም 21 ዲግሪ ሙቀትና 50 በመቶ እርጥበት ባለበት ክፍል ቢቀመጥ የኮምጣጤው በሽታ እስኪጀምረው 40 ዓመት ያህል ይቆያል። ከዚያ ወዲያ መፍረሱ እየፈጠነ ይሄዳል። እንግዲህ በ1977 ዓ.ም. በወልድያ ወይም በመርሳ የተነሣ ኔጋቲቭ ይህን 40 ዓመት ጨርሷል። የሚጠፋበት ዘመን ደርሷል የተባለውም ስለዚህ ነው።

ስለ አገሩ አየር

ከወልድያ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና የሀብሩን ወረዳ አቋርጦ ሲያልፍ ከፍታው እየቀነሰ ይሄዳል። ወልድያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የእርሻ ምርምር ማዕከል ያለባት ሲሪንቃ 1,850 ሜትር፣ የሀብሩ ዋና ከተማ መርሳ ደግሞ 1,600 ሜትር ገደማ ናቸው። ሁሉም በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ፣ ይልቁንም በአንድ ጧት ውስጥ የሚደረስባቸው ናቸው። ነገር ግን አየር በ1,000 ሜትር ከፍታ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ በወልድያና በመርሳ መካከል ሁለት ተኩል ወይም ሦስት ዲግሪ ልዩነት ይጠበቃል።

ይህ ልዩነት ለሰው ትንሽ ነው፤ ለፊልም ግን ትንሽ አይደለም። ሙቀት በአምስት ወይም በስድስት ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር የአሴቴት ዕድሜ እጥፍ ያህል ይረዝማል። በዚህ ሒሳብ ከመርሳ ቆላማ ክፍል ወጥቶ ወልድያ በተመሳሳይ ቤት የተቀመጠ ሣጥን፣ አንዲት ብር ሳይወጣበት፣ ዕድሜው በሲሶ ያህል ይጨምራል። ከገበያ የሚገዛ ማናቸውም ልባስ ይህን ሊያደርግ አይችልም። ምክንያቱም ልባስ ፊልሙን ከአቧራ፣ ከጣትና ከጭረት ያድነዋል እንጂ ከሙቀት አያድነውም።

ሁለተኛው የአገሩ ጠባይ የእርጥበቱ መለዋወጥ ነው። በዚህ አካባቢ ዝናብ በበልግም በክረምትም ይወርዳል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ አየሩ ውኃ ይጠግባል፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ይደርቃል። ጄላቲን እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በየዓመቱ ሁለት ጊዜ ይህ ሲደጋገምበት ይደክማል። የአየሩ እርጥበት ከ65 በመቶ በላይ ሆኖ ከቆየም ሻጋታ ይበቅላል። ለኔጋቲቭ የሚስማማው ከ30 እስከ 50 በመቶ ያለው ነው። እንዲህ ያለውን አየር በክረምት በተፈጥሮ ማግኘት ስለማይቻል፣ ልባሱም ሣጥኑም ክፍሉም የሚመረጡት ከሁሉ አስቀድሞ ክረምትን በማሰብ ነው።

ስለ ልባስ

መልካሙን ከመምረጥ በፊት ክፉውን ማስወገድ ይቀድማል። በየፎቶ ቤቱ የተለመደው ካኪ ፖስታ አሲድና ድኝ ስላለበት ምስሉን ያደበዝዛል፤ በመካከሉ ያለው የሙጫ መስመርም እርጥበት እየሳበ በኔጋቲቩ ላይ ቀጥ ያለ ጠባሳ ይተዋል። የጋዜጣ ወረቀት ከዚህ የባሰ ነው። ሰም የተቀባ የሚመስለው አሳላፊ ወረቀት፣ ግላሲን የሚባለው፣ በደረቅ አገር ለብዙ ዘመን አገልግሏል፤ ክረምት በሚበረታበት አገር ግን እርጥበት ስቦ ከጄላቲኑ ጋር ይጣበቃል። ፒ.ቪ.ሲ. የተባለው ለስላሳና ሽታ ያለው ላስቲክ፣ በርካሽ አልበሞች ላይ የሚገኘው፣ ከጊዜ በኋላ አሲድ ይለቅቃል፣ ቅባትም ያወጣል። የብር ማሰሪያ ላስቲክ ድኝ ስላለበት፣ አግራፍ ስለሚዝግና ስለሚቧጭር፣ ስኮች ደግሞ ሙጫው ስለሚፈስስ፣ ሦስቱም ከኔጋቲቭ አጠገብ ቦታ የላቸውም።

መልካሙ ልባስ ከሁለት ወገን ነው፤ ከወረቀት ወይም ከላስቲክ።

ከላስቲክ ወገን የሚታመኑት ሦስት ናቸው፤ ፖሊስተር፣ ፖሊፕሮፒሊንና ፖሊኤቲሊን። ትልቁ ጥቅማቸው ኔጋቲቩ ሳይወጣ ማየት መቻሉ ነው፤ ጣት የሚነካው ላስቲኩን እንጂ ፊልሙን አይደለም። ብዙ ጊዜ እየተወጣ ለሚታይ ስብስብ ይህ ጥቅም ቀላል አይደለም። ጉዳታቸው ግን አየር አለማስተላለፋቸው ነው። ፊልሙ አሲድ መልቀቅ ከጀመረ አሲዱ ታፍኖ ይቀራል። በእርጥብ ወራትም ጄላቲኑ ከለሰለሰው የላስቲክ ፊት ጋር ይለጠፋል፤ ሲላቀቅም በምስሉ ላይ እንደ ዘይት ጠብታ የሚያብረቀርቅ ምልክት ይተዋል።

ከወረቀት ወገን የሚታመነው ከእንጨት ሙጫ የጸዳ፣ አሲድ የሌለበትና ያልተቀባ ወረቀት ነው። ይህ ይተነፍሳል፤ አሲዱን ያወጣል፤ እርጥበቱንም በዝግታ ይቀበላል፣ በዝግታም ይመልሳል። ጥቂት የኖራ ድንጋይ ዱቄት የተጨመረበት ወረቀት ከፊልሙ የሚወጣውን አሲድ ስለሚያከሽፍ ለጥቁርና ነጭ አሴቴት ይመረጣል። ለቀለም ፊልም ግን ይህ ጭማሪ የሌለበት ይሻላል። የወረቀት ጉዳቱ አለማሳየቱ ነው፤ ኔጋቲቩን ለማየት ማውጣት ግድ ይሆናል።

ከውጭ አገር ለሚያዝዝ ሰው አንድ መመዘኛ ብቻ ማስታወስ ይበቃዋል። «ለዘለዓለም የሚቆይ» የሚል የሻጭ ቃል ማስረጃ አይደለም። ማስረጃው አይ.ኤስ.ኦ. 18916 በተባለው ደረጃ መሠረት የሚደረገው የፎቶግራፍ ንክኪ ፈተና ነው። በዚህ ፈተና ወረቀቱ ወይም ላስቲኩ ከምስል ጋር ተገጥሞ በሙቀትና በእርጥበት ይቆይና ጉዳት ማድረስ አለማድረሱ ይመረመራል። ያላለፈ ልባስ፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ አይገዛም።

እንግዲህ ለዚህ አገር የትኛው ይስማማል? ለመርሳና ለሀብሩ ቆላማ ቀበሌዎች፣ እንዲሁም የኮምጣጤ ሽታ ለጀመረው ፊልም ሁሉ፣ ወረቀት ይመረጣል። ለወልድያ፣ የክፍሉ እርጥበት በክረምት ከ60 በመቶ በታች መሆኑ በመለኪያ ከተረጋገጠና ፊልሙ ገና ጤናማ ከሆነ፣ ፖሊፕሮፒሊን ወይም ፖሊስተር ሊያገለግል ይችላል። መለኪያ ከሌለ ግን እዚያም ወረቀቱ ይሻላል።

ይህም ከባሕር ማዶ መምጣት የሚገባው ነገር አይደለም። በየጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ የሚሸጠው የዛሬ ዘመን ነጭ የማባዣ ወረቀት አብዛኛው አሲድ የሌለበት ነው። አሲድ በሚለይ እስክሪብቶ ጫፉን ጭሮ ማየት ይቻላል፤ ጭረቱ ወይን ጠጅ ቀለም ቢይዝ ደህና ነው፣ ቢጫ ቢሆን አይበጅም። ይህ ወረቀት ከላይ የተጠቀሰውን ፈተና ያላለፈ በመሆኑ የመጨረሻው መፍትሔ አይደለም፤ ከካኪው ግን እጅግ ይሻላል። አንዱ ቅጠል በቁመቱ ከሦስት ሲታጠፍ ሰባት ሳንቲ ሜትር ስፋት ይኖረዋል፤ ስድስት ምስል ያለው የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ቁራጭ 23 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ በደንብ ይገባል። ስድስት ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለውም ፊልም እንዲሁ ይገባል። ሁለቱ ጫፎች ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ። ሙጫ አያስፈልግም። የፊልሙ ፈዛዛ ፊት፣ ይኸውም ጄላቲኑ ያለበት፣ ለስላሳውን ወረቀት እንጂ የእጥፋቱን ጠርዝ እንዳይነካ ይደረጋል። በአንድ ልባስ ውስጥም ከአንድ ቁራጭ በላይ አይገባም።

ልባስ የሚለውጥ ሰው እጁን ታጥቦ ያደርቃል፤ የጥጥ ጓንትም ካለ ያጠልቃል። ቅባትና በርበሬ የነካ ጣት በጄላቲን ላይ የሚተወው አሻራ ከዓመታት በኋላ በምስሉ ላይ ይታያልና።

ስለ ጽሕፈት

ልባስ ሁለተኛ ሥራ አለው፤ ይኸውም ስም መያዝ ነው። ማን እንደሆነ፣ የት እንደተነሣ፣ መቼ እንደተነሣ የማይታወቅ ኔጋቲቭ ግማሹ የጠፋ ያህል ነው። ጽሕፈቱ ኔጋቲቩ ከመግባቱ በፊት፣ በእርሳስ፣ በልባሱ ጠርዝ ላይ ይደረጋል። እስክሪብቶ ይፈስሳል፤ ከገባ በኋላ ሲጻፍም ጫናው ጄላቲኑን ይጎዳል። አሮጌው ካኪ ፖስታ ሲጣል በላዩ ያለው የደንበኛ ስም፣ ቁጥርና ቀን ሁሉ እንዳለ ወደ አዲሱ መገልበጥ አለበት። ብዙ ስብስብ ትርጉሙን ያጣው በመጥፎ አያያዝ ብቻ ሳይሆን ልባስ በተለወጠበት ቀን በተደረገ ቸልተኝነትም ነው። በወልድያና በመርሳ ገና ያሉ አሮጌ ፎቶግራፍ አንሺዎችና አዛውንቶች ፊቶቹን የሚለዩበት ጊዜ ከፊልሙ ዕድሜ ያጠረ መሆኑም መዘንጋት የለበትም።

ስለ ሣጥንና ስለ ክፍል

ለብራና መጽሐፍ ገበታው፣ ማኅደሩና ዕቃ ቤቱ ሦስት ልብሶቹ ናቸው። ለኔጋቲቭም ልባሱ፣ ሣጥኑና ክፍሉ እንዲሁ ናቸው፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ይደግፈዋል።

ሣጥኑ ከአሲድ ነፃ ከሆነ ካርቶን ወይም ቀለሙ በእሳት ከተጠበሰ ብረት ቢሆን ይመረጣል። እንጨት፣ ይልቁንም ጥድና ችፑድ፣ ፊልምን የሚጎዳ ትነት ያወጣል። አዲስ ቀለም የተቀባ ሳንዱቅም ሽታው እስኪጠፋ ድረስ ለሳምንታት ተከፍቶ መቆየት አለበት። ልባሶቹ እንደ መጽሐፍ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ ተደራርበው ቢተኙ የላይኛው ክብደት የታችኛውን ይጫናል። ሣጥኑ እንዳይታጨቅ፣ ግን እንዳይላላም ይደረጋል። ናፍታሊን ብል ቢያባርርም ትነቱ ለፊልም አይበጅም።

ክፍሉን በሚመለከት የመጀመሪያው ጠላት ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ነው። ከቆርቆሮ ሥር ቀን የሚሞቀውና ሌሊት የሚበርደው አየር ፊልሙን በየዕለቱ ያስጨንቀዋል። በድንጋይና በጭቃ የተሠራ ወፍራም ግድግዳ ያለው ውስጠኛ ክፍል ከአዲሱ የብሎኬት ቤት ብዙ ጊዜ የተሻለ የሚሆነው ሙቀቱን በዝግታ ስለሚለዋውጥ ነው። ሣጥኑ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ከውጭው ግድግዳ ራቅ ብሎ፣ ከማድ ቤት ጢስና ከላምባ ሽታ ተለይቶ ይቀመጣል። ስብስቡን ለመመርመርና ልባስ ለመለወጥ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ደረቅ ወራት ይስማማል፤ በበልግና በክረምት ግን ያለ ግድ ባይከፈት ይሻላል።

ማቀዝቀዣ ላለው ተቋም ለቀለም ኔጋቲቭና ሽታ ለጀመረው አሴቴት ቅዝቃዜ ትልቅ መድኃኒት ነው፤ የቀለም ፊልም ማቅለሚያ በጨለማ እንኳ ይደበዝዛልና። ነገር ግን ሣጥኑ ደረቅ ሆኖ በሁለት ድርብ የታሸገ ላስቲክ ውስጥ ካልገባ፣ መብራት በተቋረጠ ቁጥር ውኃ ይቋጥራል። ከወጣም በኋላ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ አንድ ቀን ሙሉ ሳይፈታ መቆየት አለበት። ይህን መጠበቅ የማይቻል ከሆነ ደረቁና ቀዝቃዛው ጓዳ ይሻላል።

የሐይቅ ምሳሌ

ከሀብሩ በስተደቡብ ብዙም ሳይርቅ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። በዚያ በ13ኛው መቶ ዓመት የተጻፈው የአባ ኢየሱስ ሞአ ወንጌል ይገኛል። በ1973 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ድርጅት ይህን ወንጌል በፊልም አንሥቶ ቁጥር 1832 ሰጠው። ድርጅቱ ከ9,000 በላይ የብራና መጻሕፍትን እንዲህ አድርጎ ቀርጿል። የፊልሙ ቅጂ አንዱ በአዲስ አበባ፣ ሌላው በአሜሪካን አገር ሚኒሶታ ውስጥ በኮሌጅቪል ተቀመጠ። ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚያ ፊልም ላይ ተመሥርተው ዝርዝሩን ያዘጋጁት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ብዙዎቹን መጻሕፍት ያነበቧቸው ገዳማቱ ድረስ ሳይሄዱ ነው።

ከዚህ ሥራ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ነው። ፊልም በሚገባ ከተያዘ ለዘመናት የሚታመን ምስክር ነው፤ ይህ አንዱ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ምስክር በአንድ ቤት ብቻ መኖር የለበትም የሚለው ነው። ይህን ሁለተኛውን ሰሜን ወሎ በቅርቡ በመከራ ተምሮታል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያ ደርሶ ከተማይቱ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ በጦርነቱ ውስጥ ስትቆይ፣ በአካባቢው ያሉ ሆስፒታሎች፣ ትምህርት ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች ከባድ ጉዳት ደርሶባቸዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ከሁሉ የተሻለው ልባስም ሆነ ሣጥን አንዱን ክፍል ከዘረፋና ከእሳት አያድንም። የሚያድነው ሌላ ከተማ ያለ ሌላ ቅጂ ነው።

ለዚህም ዛሬ ስካነር መንገዱን አቅልሎታል። ሆኖም የዲጂታል ቅጂ የኔጋቲቩ ምትክ ሳይሆን መድን ነው። ዲስክ ይበላሻል፤ ፋይልም በየጥቂት ዓመቱ ካልተዛወረ ሊነበብ የማይችልበት ጊዜ ይመጣል። ኔጋቲቭ ግን ለመታየት ከብርሃን በቀር ሌላ መሣሪያ አይፈልግም። በተጨማሪ እነዚህ ፊቶች የሰዎች ፊቶች መሆናቸውን ማሰብ ይገባል። ለጉርድ ፎቶ የተነሣ ሰው ምስሉ በአደባባይ እንዲሰቀል አልተስማማም፤ መጠበቅ ሌላ፣ ማሳየት ሌላ ነው።

ምን ይቅደም?

ገንዘብ ጥቂት፣ ኔጋቲቩ ብዙ በሆነበት ሁኔታ የሥራው ቅደም ተከተል ከመሣሪያው ይበልጣል። መጀመሪያ ሣጥኖቹን ሁሉ በደረቅ ቀን ከፍቶ ማሽተትና ማየት፤ ናይትሬት የተጠረጠረውን ማራቅ፣ ኮምጣጤ የሸተተውን ለብቻው መለየት። ሁለተኛ የብር ማሰሪያ ላስቲኩን፣ አግራፉንና የፒ.ቪ.ሲ. አልበሙን ማስወገድ። ሦስተኛ በካኪው ላይ ያለውን ጽሕፈት መገልበጥና በሕይወት ያሉትን አዛውንቶች መጠየቅ። አራተኛ ስብስቡን ወደ ቀዝቃዛውና ወደ ደረቁ ክፍል ማዛወር፤ የመርሳው ባለቤት ወልድያ የሚያምነው ዘመድ ወይም ተቋም ካለው አብሮ መምከር። አምስተኛ ሽታ ከጀመረው ተነሥቶ በስካነር መቅዳት። ልባስ መለወጥ ከእነዚህ ሁሉ ጋር እየተከናወነ የሚሄድ ሥራ ነው፤ ሁሉንም በአንድ ወር መለወጥ ካልተቻለ በመጀመሪያ የተለየው የታመመው ይቅደም።

ማኅበሩ በበኩሉ ሊያደርገው የሚችለው ትንሽ ነገር አለ። የታመነ ወረቀት በጅምላ አስመጥቶ ለየፎቶ ቤቱ ማከፋፈል፣ የአሲድ መለያውን እስክሪብቶና አንድ የእርጥበት መለኪያ በየከተማው በጋራ ማስቀመጥ፣ እንዲሁም ጓዳውን ለመዝጋት የተዘጋጀ የፎቶ ቤት ባለቤት ወይም ወራሽ ፊልሙን ከመጣሉ በፊት የሚያማክረው አንድ ሰው መሰየም ከአቅም በላይ አይደለም። ይህ ሥራ በጥቅምት ቢጀመር እስከ ጥር ያሉት አራቱ ደረቅ ወራት ለአንድ መካከለኛ ፎቶ ቤት ስብስብ ይበቃሉ። የኮምጣጤው ሽታ በጀመረበት ሣጥን ግን ከሚቀጥለው ክረምት ወዲያ ማዘግየት አይገባም።